የሚሥል ማሽን ልንሠራ ነው ላላችሁኝ

ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ጥያቄያችሁ ደርሶኛል። ሞተር ገጥመን፣ እስክሪብቶ አስይዘን፣ በራሱ የሚሥል ማሽን ቤት ውስጥ መሥራት እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር ብላችኋል። ደስ ብሎኛል። ትንሽም ፈገግ ብያለሁ። አብዛኞቻችሁ ያነሳችሁት ሞተሩን ስለሚያዘው ቦርድና ስለ ኮድ ነው። ስለ ብሎን የጠየቀኝ አንድም የለም። ስለ እስክሪብቶውማ ማን አስቦት!

እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በጥገና ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሚዞር፣ የሚንቀጠቀጥና የሚጮህ ነገር ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ የሚሥሉ ማሽኖች እሠራለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ እንደ ሠዓሊ ሳይሆን እንደ ጠጋኝ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ፕሎተር ነበር። እንደ ዛሬዎቹ ቀለም የሚረጭ አይደለም። እስክሪብቶ ይዞ ወረቀት ላይ ይመላለሳል። ሲጨርስ እስክሪብቶውን ቦታው ይመልስና ሌላ ቀለም ያነሳል። የመጀመሪያ ቀን ቆሜ ሳየው ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ታዲያ አንድ ጠዋት «ያወጣው ፕላን ልክ አይደለም» ተባለ። ካቻቢቴዬን ይዤ ተነሳሁ። ክዳኑን ልፈታ ስል አለቃዬ እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ ክብ እንዲሥል እዘዘው» አሉኝ።

አዘዝኩት፣ ሣለ። ወረቀቱን አንስተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። «ምን ይታይሃል?»

«ክብ።»

«ደግመህ እየው።»

ደግሜ አየሁ። ያው ክብ ነው። ጣታቸውን ቀኝ ጫፉ ላይ አሳረፉ። ያኔ ታየኝ። መስመሩ እዚያ ጋ ትንሽ ተደፍጥጧል። ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ቀጥ ያለ ነገር አለ። ግራ ጫፉም ላይ እንደዚያው። ላይና ታቹ ግን ምንም አልሆነም። «በል እንግዲህ» አሉኝ፣ «ችግሩ ግራና ቀኝ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሌላውን እንዳትነካ።» እንዳሉትም ሆነ። በዚያ በኩል ሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ፣ ቺንጋውን የሚያዞረው መዘውር፣ ብሎኑ ላልቶ ነበር። ለማጥበቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሳቸው ባይኖሩ ግን ሙሉ ቀን ስፈታ ነበር የምውለው፣ ምናልባትም ደህናውን ሳበላሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ክብ ሲሥል ወደ ቀኝ ይሄድ የነበረው ክፍል ወደ ግራ የሚመለሰው ልክ ቀኝ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። መንገዱ ላይ ልልነት ካለ፣ ሞተሩ ዞሮ ልልነቱን እስኪጨርስ እስክሪብቶው ወደ ጎን አይንቀሳቀስም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚወስደው ሞተር ግን አልቆመም። ስለዚህ ጫፉ ላይ ቀጥ ያለች አጭር መስመር ትወጣለች። ላይና ታቹ ተደፍጥጦ ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛው ሌላው ሞተር በኩል ነው ማለት ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለካ ለጥገናም ይሠራል።

የሚሥል ማሽን ሥሩ ስላችሁም ለዚህ ነው። ሌላ ማሽን ሲታመም ይጮሃል፣ ይሞቃል፣ ይቆማል። የቱ ጋ እንዳመመው ግን ለማወቅ መከራ ነው። ይሄኛው በሽታውን በራሱ እጅ ወረቀት ላይ ይጽፍላችኋል።

እጅግ የምወደው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካ ፊላደልፊያ በሚገኘው ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት የተባለ የሳይንስ ተቋም አንድ የፈራረሰ የናስ ማሽን ደረሰ። እሳት አግኝቶት ነበር። ማን እንደሠራው በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም፤ ማሽኑ የመጣበት ቤተሰብ የሌላ ሰው ሥራ ነው ብሎ ነበር የሚያምነው። ጠጋኞቹ አስተካክለው አስነሱት። ማሽኑ አራት ሥዕል ሣለ፣ ሦስት ግጥም ጻፈ። አንደኛው ግጥም ጠርዝ ላይ በፈረንሳይኛ «በማያርዴ አውቶማታ የተጻፈ» የሚል ቃል አወጣ፤ አውቶማታ በራሱ የሚንቀሳቀስ ማሽን ማለት ነው። ሄንሪ ማያርዴ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ የሠራው ስዊዘርላንዳዊ መካኒክ ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ኮድ የለ። ሥዕሎቹ በሙሉ የተቀመጡት ጠርዛቸው ወጣ ገባ ተደርጎ በተቆረጡ የናስ ዲስኮች ላይ ነው። ዲስኩ ሲዞር ጠርዙ ዘንግ እየገፋ እጁን ይመራዋል። ምን ያህል ትዕግሥት እንደጠየቀ አስቡት። እኔ አንድ ዲስክ እንኳ በቅጡ ክብ አድርጎ መቁረጥ ስንት ቀን ነው የፈጀብኝ።

በሉ ወደ ሥራው።

የመጀመሪያ ማሽናችሁ ፒንቶግራፍ ይሁን። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰዎች ሃርሞኖግራፍ በሚባል መሣሪያ ይሥሉ ነበር፤ የሚያንቀሳቅሰው የሚወዛወዝ ፔንዱለም ነው። ፔንዱለሙ እየደከመ ሲሄድ ሥዕሉም ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ፒንቶግራፍ በፔንዱለሙ ፈንታ ሞተር ያስገባል። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ዲስክ፣ ሁለት ክንድ፣ አንድ እስክሪብቶ። በቃ። እያንዳንዱ ዲስክ ጠርዙ አካባቢ አንድ ክንድ ይይዛል፣ ክንዶቹ ሌላኛው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ፣ መገናኛው ላይ እስክሪብቶ ይቆማል።

ልኩን ልስጣችሁ። ሞተሮቹን በ25 ሴንቲሜትር አራርቁ። ክንዱ ዲስኩን የሚይዝበት ቀዳዳ ከመሐሉ 4 ሴንቲሜትር ይራቅ። ክንዶቹ 20፣ 20 ሴንቲሜትር ይሁኑ። ዲስኮቹ ሲዞሩ ሁለቱ መያዣዎች መሀል ያለው ርቀት ከ17 እስከ 33 ሴንቲሜትር ይለዋወጣል። በዚህ ልክ ክንዶቹ እስክሪብቶው ጋ የሚሠሩት ማዕዘን ከ50 እስከ 111 ዲግሪ አካባቢ ይመላለሳል፤ ጥሩ ነው። ክንዱን ካሳጠራችሁት ማዕዘኑ እየተከፈተ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ክንዶቹ ቀጥ ብለው ይገተራሉ። ያኔ ወይ አንድ ነገር ይሰበራል፣ ወይ ሞተሩ ቆሞ ይቃጠላል። ይህን ለማወቅ ሞተር አያስፈልግም። በካርቶንና በስፒል ሠርታችሁ በእጃችሁ አዙሩት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሁልጊዜ እዘለዋለሁ የሚል ልጅ አይጠፋም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሞተሩ ዝግ ያለ ይሁን። የአሻንጉሊት መኪና ላይ የሚገጠሙት ቢጫ ሞተሮች በደቂቃ ከ100 ዙር በላይ ስለሚዞሩ ቀጥታ ብትገጥሟቸው እስክሪብቶው ይዘላል። ጀማሪ ሁሉ የሚያውቃት 28ቢዋይጄ-48 የምትባል ትንሽ ስቴፐር ሞተር (በትናንሽ እርምጃ የምትዞር) አለች። በ5 ቮልት ትሠራለች፣ አንድ ዙር ለመጨረስ 2048 ያህል እርምጃ ትራመዳለች፣ ብትሮጥ ብትሮጥ በደቂቃ ወደ 15 ዙር ነው። ለዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ዝግታ ነው የሚፈለገው። ውስጧ ያሉት ጥርሶች ልልነት አላቸው፤ ፒንቶግራፍ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞር ግን ብዙም አይታይባችሁም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚመላለስ ማሽን ላይ ብትገጥሟት ግን ጉዷ ይወጣል። የተጣለ ስካነርም ሀብት ነው። ስቴፐር ሞተር፣ ለስላሳ ዘንግና ቺንጋ በአንድ ሣጥን ውስጥ ታገኛላችሁ።

አሁን ጣፋጩ ክፍል። ሁለቱ ሞተሮች እኩል ቢዞሩ ማሽኑ ያንኑ አንድ መስመር እየደጋገመ ወረቀቱን ይበሳል። አንዱ 3 ሲዞር ሌላው 2 ቢዞርም ያው ነው፤ መስመሩ ትንሽ ይወሳሰብና ተመልሶ ራሱ ላይ ይወጣል። ውበቱ ያለው ከዚያ ትንሽ ሲዛነፍ ነው። 300 ለ200 በማለት ፈንታ 301 ለ200 በሉት። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በፀጉር ያህል ፈቀቅ ይላል። መስመሩ ወደ መነሻው የሚመለሰው ፈጣኑ ሞተር 301 ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው። በደቂቃ 10 ዙር ብታስኬዱት 30 ደቂቃ መሆኑ ነው። ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ድር ይመስላል፣ ቀጥሎ ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ ከወረቀቱ ተነስቶ የቆመ ነገር ይመስላል። ብዙ አይቻለሁ፣ አሁንም አልሰለቸኝም።

መገጣጠሚያዎቹ ላይ ግን አትስነፉ። ክንዱን ከዲስኩ ጋር በአንድ ዳዶ ብቻ ካሰራችሁት ወይ ያንቃል፣ ወይ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ተፈትቶ ይወድቃል። ሁለት ዳዶ አድርጉና አንዱን በሌላው ላይ አጥብቁ፤ ክንዱ እንዳይፋተግ መሐሉ ላይ ሮንዴላ ይግባ። እስክሪብቶው የሚገባበት ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ከሰፋ ያ ግማሽ ሚሊሜትር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። እኔ በእንጨት ቀዳዳ ስሰቃይ ቆይቼ በመጨረሻ ባለ ጎማ የመንሸራተቻ ጫማ ኩሽኔታ ገጠምኩ። የመሐል ቀዳዳው 8 ሚሊሜትር ነው። እስክሪብቶ ላይ ትንሽ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ስትከቱት ልክክ ይላል።

ስለ እስክሪብቶው ማንም አላሰበም ብዬ ነበር አይደል? ተራው ባለ ኳስ እስክሪብቶ ግፊት ይፈልጋል። ክንዶቹ ቀላል ከሆኑ ይዘላል፤ ላዩ ላይ ሁለት ሦስት ሳንቲም በማስቲካ ለጥፉበት። ጄል እስክሪብቶ ደማቅ ነው፣ ማሽኑ ሲፈጥን ግን ቀለሙ አይደርስበትም። ጫፉ እንደ ክር የሆነው ቀጭን ማርከር ግፊት አይፈልግም፤ ለእኔ ምርጡ እሱ ነው። አመሉ ምንድነው፣ ማሽኑ ለሰከንድ ከቆመ ወረቀቱ ላይ ክብ ነጥብ ይተክላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳ፣ ከዚያ እስክሪብቶው ይውረድ። ሲያልቅም መጀመሪያ እስክሪብቶው ይነሳ። የ30 ደቂቃ ሥዕል በመጨረሻዋ ሰከንድ ተበላሽቶብኝ ከማሽኑ ጋር ተኳርፌ የተኛሁበት ሌሊት አለ።

ኤሌክትሪኩን ባጭሩ ልበል፤ እናንተ ከእኔ ትሻላላችሁ። ግን የተቃጠለብኝን ልንገራችሁ፣ በእኔ ይብቃ። አንድ ማታ አራት ሽቦ ያለው ስቴፐር ገጥሜ ሞተሩ ይንዘፈዘፋል እንጂ አይዞርም። ሽቦ ላልቷል ብዬ ኃይሉን ሳላጠፋ ነቀልኩት። ጧ! አለና ያቺ ሽታ ክፍሉን ሞላችው። ድራይቨሩ፣ ለሞተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ትንሽ ሰሌዳ፣ ሄደ። ሽቦው ደግሞ አልላላም ነበር፤ የሁለቱን ጥቅልሎች የሽቦ ጥንዶች አቀያይሬ ነው የገጠምኩት። ጥንዶቹን ለመለየት መለኪያ እንኳ አያስፈልግም። ሞተሩ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ ሁለት ሽቦ አነካኩና ዘንጉን በጣታችሁ አዙሩ። ከበድ ካለ ሁለቱ የአንድ ጥቅልል ጫፎች ናቸው። እንደ ቀድሞው ቀለል ብሎ ከዞረ ሌላ ሞክሩ።

ሞተርን ከቦርዱ ፒን በቀጥታ አታንቀሳቅሱ፤ ፒኑ ለዚያ አልተሠራም፣ ድራይቨር ይግባ። ሞተሩ የራሱ የኃይል ምንጭ ካለው ኔጌቲቩን ከቦርዱ ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ «ኮዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሌሊቱን ያነጋ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እለምናችኋለሁ። ዝግ ያለ ሞተር ፍለጋ ማይክሮዌቭ አትፍቱ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ኃይል ሊይዝ ይችላል። ከግድግዳ መብራት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሞተርም ለጊዜው ይቅርባችሁ። 5 ቮልት ለሥዕል ይበቃል።

ፒንቶግራፉ ከሠራላችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን የሚሥል ትመኛላችሁ። ያኔ ባለ ሁለት ገመዱን ሞክሩ። ሁለት ሞተር ግድግዳ ላይ፣ ሁለት ገመድ፣ መሐል ላይ የተንጠለጠለ እስክሪብቶ። ዩርግ ሌኒና ኡሊ ፍራንከ እ.ኤ.አ. በ2002 ሄክቶር ያሉትን ማሽን በዚሁ መንገድ ሠርተው በእስክሪብቶ ፈንታ የሚረጭ ቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥለውበታል። ሂሳቡ ትምህርት ቤት የጠላችሁት ፓይታጎራስ ነው። ሞተሮቹ በ100 ሴንቲሜትር ቢራራቁና እስክሪብቶው ከግራው ሞተር 30 ወደ ቀኝ፣ 40 ወደ ታች እንዲሆን ብትፈልጉ፣ የግራው ገመድ 50 ይሆናል፣ የቀኙ 80.6። ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም። ችግሩ ያለው ንድፈ ሐሳቡ ላይ ሳይሆን ገመዱ ላይ ነው። የሚለጠጥ ገመድ ከተጠቀማችሁ ካሬያችሁ የተቀመጡበት ትራስ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ በቺንጋ የሚሄድ፣ ወረቀት ላይ በቀጥታ የሚመላለስ ትሠሩ ይሆናል። ያኔ የሚያጋጥማችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና ልተዋችሁ። እኔም እንዲህ ያለውን አንዱን ሠርቼ ጨረስኩት። ቀጥ ያለ መስመር እንዲሥል አዘዝኩት። መስመሩ ንፋስ እንደነካው ውሃ ትንሽ ይሞገዳል። ለሦስት ቀን ኮዱን አነበብኩ። ቺንጋውን አጠበቅኩ፣ አላላሁ። ዘንጎቹን ዘይት ቀባሁ። ምንም። በአራተኛው ቀን አለቃዬ ትዝ አሉኝና ማስመሪያ አነሳሁ። ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ለካሁ። 40 ሚሊሜትር። ቀጣዩም 40። ሦስተኛውም።

አሁን አስቡት። ቺንጋው በየ2 ሚሊሜትሩ ጥርስ አለው። ሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ 20 ጥርስ አለው። አንድ ሙሉ ዙር 40 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚከሰት ነገር ነው፤ ፑሊው ራሱ። ብሎኑን ከመጠን በላይ አጥብቄው ፑሊው ከዘንጉ መሐል ወደ አንድ ጎን ተገፍቷል። ሞገዱ በየ2 ሚሊሜትሩ ቢሆን የቺንጋው ጥርስ ነበር። በየ0.2 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ስላለው፣ እርምጃው ነበር። ማስመሪያው ከሦስት ቀን ንባብ ይልቅ አወቀ። ለነገሩ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ካልኮምፕ 565 የተባለው ፕሎተር እርምጃው ራሱ ሩብ ሚሊሜትር ነበር፤ ሰው ግን ሠርቶበታል። እናንተ ጠረጴዛ ላይ ያለው ከዚያ አያንስም።

ሌላም የማየው ምልክት አለ። መስመሩ በየዙሩ አንድ ጎን ላይ ከሳሳ ወይ ጣውላው አልተስተካከለም፣ ወይ ዲስኩ ዘንጉ ላይ ጠምሟል። ማዕዘን ላይ ብቻ ከተርገበገበ ፍጥነቱ በዝቷል። ሥዕሉ በሙሉ ድንገት ወደ ጎን ዘሎ ከቀጠለ ሞተሩ እርምጃ ስቷል፤ አንድ ቦታ ይዞታል ወይም አቅም አንሶታል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ነገር ቀይራችሁ ከተስተካከለ የቱ እንዳዳናችሁ አታውቁም።

ይህን ሁሉ ስላችሁ ጉድለት ሁሉ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያ ፒንቶግራፌ በባትሪ የሚሄዱ ተራ ሞተሮች ነበሩት። ባትሪው ሲደክም አንዱ ከሌላው ቀድሞ ዘገየ። ጥቅጥቅ ያለው መስመር ወደ መጨረሻው እየተከፈተ ሄዶ እንደ ጭስ ሆነ። እንደዚያ ያለ ሥዕል ከዚያ ወዲህ በስቴፐር አግኝቼ አላውቅም። አርቲስቷ ቬራ ሞልናር እ.ኤ.አ. በ1968 በኮምፒውተርና በፕሎተር መሥራት ሲጀምሩ ማሽኑ ፍጹም ካሬ መደርደር ይችል ነበር። እሳቸው ግን ሆን ብለው ሥርዓቱን ትንሽ ያዛቡት ነበር። ስሙን የምታውቁት ጉድለት ቀለም ነው። የማታውቁት ነው ሌሊት የሚያስነሳችሁ።

እና እያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉ። ቀኑን፣ የዙሩን ንፅፅር፣ እስክሪብቶውን፣ ያያችሁትን እንግዳ ነገር። ያበላሻችሁትንም አትጣሉ። ትናንት አሮጌ ክምሬን ሳገላብጥ ያቺን እንደ ጭስ የሆነችውን አገኘኋት። ቀለሟ ወይቧል። ጀርባዋ ላይ በራሴ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ባትሪ አሮጌ። የግራ ክንድ ብሎን ይታይ።» ብሎኑን ማየቴን ግን አልጻፍኩም። ማሽኑ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው፤ አውርጄ ብሎኑን ነካ አደረግኩት። ላልቷል።